ከመርካቶ ሮም የመጣው ጥላ

ውጭ አገር የሚኖር ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚያየው ዘመድ ሲመጣበት ብቻ ነው። ከራሴ ተነሥቼ ነው ይህን የምላችሁ። ሮም ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ እናቴ እስክትመጣ ድረስ ግን እኔ የማውቃት ሮም ከቤቴ እስከ ዩኒቨርሲቲው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ቪያ ቮልቱርኖ የምትባለው መንገድ ላይ እስካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ብቻ ነበረች። የዓለም ሕዝብ ከየአገሩ ተነሥቶ፣ ተሰልፎ የሚያየውን ሁሉ እኔ በአውቶቡስ መስኮት ነበር የማልፈው፤ ያውም ቆሜ፣ ያውም የሰው ብብት ሥር ሆኜ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልክ ይደወልና «ቪዛው ወጣልኝ» ትባላላችሁ። ጉዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ያላያችሁትን ከተማ እንደምታውቁት ሆናችሁ ልታሳዩ ነው። የትኛው ፏፏቴ በማን ዘመን እንደተሠራ፣ የትኛው ዓምድ ከየት ተጎትቶ እንደመጣ ቁጭ ብላችሁ ታጠናላችሁ። ድካማችሁ ግን ከንቱ ነው፤ ዘመድ የሚጎበኘው ከተማውን አይደለም፣ እናንተን ነው። ሐውልቱን ለአንድ ደቂቃ ቀና ብሎ ያይላችሁና ዞር ብሎ ጫማችሁን፣ የፊታችሁን አጥንት፣ ማታም ቤት ሲገባ ማቀዝቀዣችሁን ያያል። ማቀዝቀዣችሁ ፊት ከየትኛውም ሐውልት ፊት የበለጠ ይቆማል።

በእኔ ደግሞ የባሰው የምማረው ቱሪዝም መሆኑ ነው። አዎ፣ አትሳቁ። ሁለት ዓመት የተባለ ማስተርስ አራት ዓመት የጎተትኩ የቱሪዝም ተማሪ ነኝ።

እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንደኛ ክፍል አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ጡረታ የወጣችው ግን ከደመወዙ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። አውቶቡስ በር ላይ የሚገፋፋ ሰው ካየች፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ በዓይኗ ታሰልፈዋለች። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ልቀበላት ቆሜ፣ በሩ ሲከፈት ቀድሞ የወጣው እሷ አልነበረችም። በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው፤ እሱን በሁለት ክንዷ ታቅፋ፣ ሻንጣዋን ሌላ መንገደኛ እየገፋላት ብቅ አለች። ሮጬ ስጠመጠምባት «ቀስ፣ ጥላው» አለችኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ጥላ ስላችሁ ለዝናብ የሚያዘውን እንዳይመስላችሁ። ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው፣ ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በክር የተጠለፈችበት የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው። ከመርካቶ መርጣ ነው የገዛችው። አውሮፕላኑ ውስጥ የት ላድርገው ብላ ስትጨነቅ አስተናጋጇ «ስለት ነው እማማ?» ብላ ተቀብላ፣ የአብራሪዎቹ ኮት የሚሰቀልበት ቦታ ቀጥ አድርጋ አቆመችላት።

ስለቱ የእኔ ነው። ማለቴ ስለ እኔ ነው። አምና ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ እዚሁ ሮም አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሲጀምረኝ «ጉንፋን ነው» አልኳት፤ ከዚያ እኔም ስልኬም ጠፋን። ሁለት ቀን ሙሉ ስትደውል ስትደውል ቆይታ በመጨረሻ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ አገኘቻትና ሁሉንም ሰማች። ልጅቷ ሆስፒታል መጥታ በስልኳ ስታገናኘን እናቴ አላለቀሰችም። መስኮቱን አሳዪኝ አለች። ስልኩ ወደ መስኮቱ ሲዞር ከጎን ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወል ነበር። የማን ደወል ነው ብላ ጠየቀች። ነርሷ የማርያም ናት አለች። በቃ። እናቴ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ተነሥታ ቆማ፣ ልጄን ከዚህ አልጋ ካነሣሽልኝ እዚያው ደጅሽ ድረስ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላ ተሳለች።

ስለት ደግሞ አድራሻ ያለው ነገር ነው። እዚያ የተሳሉትን እዚህ ማስገባት አይቻልም፤ በሰው እጅም አይላክም፤ የተሳለው ሰው ራሱ ተሸክሞ ይገባል። ይህ የእናቴ ሕግ ነው። ወደ ሮም የሚመጣ ሰው አድርስልኝ ብትለው እምቢ የሚል አልነበረም፤ እሷ ግን አይሆንም ብላ ቪዛ ስትጠይቅ ወራት ፈጀች። ቤተ ክርስቲያኗ የካቶሊክ መሆኗን ነግሬያት፣ የንስሐ አባትሽ ምን አሉ ብላት፣ አልነገርኳቸውም አለች። ለምን ስላት፣ «ቢከለክሉኝስ?» አለችኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አብሬ ልናዘዝ። በእነዚህ አራት ዓመታት አንድም ጊዜ አገር ቤት አልሄድኩም። ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፤ ፔርሜሶዬ አልታደሰም። ፔርሜሶ የመኖሪያ ፈቃድ ናት፤ እዚህ ያለ ሐበሻ የቀረበት ሠርግና የቀረበት ልቅሶ ሁሉ በእሷ ይላከካል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። የእኔም መጀመሪያ እውነት ነበር። በመጋቢት ግን ታድሳ መጥታ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝታለች። ትምህርቴን ሳልጨርስ ባዶ እጄን ገብቼ፣ መቼ ነው የምትጨርሺው፣ መቼ ነው የምታገቢው የሚለውን የሰፈር ጥያቄ የምመልስበት ፊት ስላጣሁ ነው የቀረሁት። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

እናም አሥራ ሁለት ቀን ነበረን። እኔ የሚጎበኙ ቦታዎችን በየቀኑና በየሰዓቱ ደልድዬ፣ በወረቀት አትሜ ጠበቅኳት። እሷ የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀች። አሎራ፣ መጀመሪያ እረፊ፣ ደግሞ ነገ ኮሎሲየም የሰዓት ቀጠሮ አለን አልኳት። አሎራ እዚህ ሲኖሩ አፍ ላይ የምትለጠፍ ቃል ናት፤ «እንግዲህ» ማለት ናት፣ ግን ሰው ለማዘግየት ከ«እንግዲህ» ትሻላለች።

ኮሎሲየም ወሰድኳት። ያጠናሁትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ስንት በር እንዳለው፣ ሰዎች ለአንበሳ ይጣሉ የነበረው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሕዝቡ የት ተቀምጦ ያይ እንደነበር። አፏን በነጠላዋ ሸፍና አዳመጠችኝ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ እስቲ እዚህ ጋ ቁሚ ስላት፣ ሰው የተበላበት ቦታ ላይ ቆሜ ጥርሴን ላሳይ ወይ ብላ ትታኝ ሄደች። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ኮሎሲየም ፊት የተነሣችው ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም ጀርባዋ ነው።

ሌላ ግን ያየችው ነገር አለ። አስጎብኚዎችን። ሮምን ካላያችሁ፣ እዚህ አስጎብኚ የምትባል ሰው ጎብኚዎቿ እንዳይጠፉባት የታጠፈ ጃንጥላ ሽቅብ ይዛ ትሄዳለች፤ ሠላሳ አርባው ሰው እሱን እያየ ይከተላታል። እናቴ አንዱን አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛው ሲያልፍ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ዛሬ የማን ንግሥ ነው አለችኝ። ንግሥ አይደለም፣ ሰው እንዳይጠፋ ነው ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና ታዲያ ለምን አይዘረጉትም አለች።

በሦስተኛው ቀን ምርጫ አጣሁና ቤተ ክርስቲያኗ ወሰድኳት። ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ በሁለት ፎቅ ቤቶች መካከል የተሸጎጠች፣ ቱሪስት የማይገባባት ትንሽ ደጅ ናት። ካህኑ ዶን ጁሊዮ ይባላሉ፤ ዶን የሚሉት እኛ አባ እንደምንለው ነው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ መድረኩን ተሳልማ ገባች፤ ነጠላውን ፈታ ጥላውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው። «ንገሪያቸው» አለችኝ።

እንግዲህ ኃጢአቴን ስሙ። ነገሩን እንዳለ መናገር አፈርኩ። እዚህ ጎን ታምሜ ተኝቼ ነበር ማለት አሳፈረኝ፤ እናቴ ተስላልኝ ነው ማለት የበለጠ አሳፈረኝ፤ ኋላ ቀር ናቸው እንዳይሉን ብዬ። በትምህርት ቤት ቋንቋ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ባህላዊ ስጦታ ነው አልኳቸው።

ዶን ጁሊዮ ስጦታ ሲባሉ ደከሙ። አመስግነው፣ የእናቴን እጅ ጨብጠው፣ ዕቃ ቤታቸውን ከፍተው አሳዩን። እግር የሌለው ፒያኖ አለ። የገና ግርግም አምስት ቦታ ተደርድሯል። አንዲት ባልቴት የሟች ባላቸውን የሩጫ ማሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው እሱም ቆሟል። ከእንግዲህ አንድም ዕቃ ሳያስፈቅዱ እንዳይቀበሉ ከበላይ ታዘዋል፤ ደብዳቤ ጽፈን ብንጠይቅ መልሱ በሁለት ወር ይደርሰናል። ጥላዋም ፔርሜሶ ተጠየቀች ማለት ነው። የእናቴ በረራ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት እሑድ አያልፍም።

እምቢ መባሏን ሳይተረጎምላት ገባት። ጥላውን መልሳ ጠቀለለች። ልንወጣ ስንል ግን በግራ በኩል ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ዘንድ ቆመች። ግድግዳው ላይ ትንንሽ የብር ልቦች በብዛት ተሰቅለዋል። ምንድን ናቸው አለችኝ። ጌጥ ናቸው አልኳት። ቱሪዝም ነው የምማረው፣ እንዳትረሱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለእኔ ጉብኝት ነበሩ፤ ለእናቴ ግን ደጅ ጥናት። ጠዋት ጠዋት ጥላውን ታቅፋ፣ ያን መንገድ ለብቻዋ ለምዳው፣ ሄዳ ተሳልማ ትመለሳለች። ምናልባት ሐሳባቸውን ከቀየሩ ብላ የትም ቦታ ስንሄድ ጥላውን ይዛው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ሲለቁላት ጥላውን ታስቀምጥበትና እሷ ትቆማለች። ምግቧ እየቀነሰ ሄደ፤ ቪያ ቮልቱርኖ ወስጃት የመጣላትን ሽሮ ዳር ዳሩን ነካክታ ተወችው። እኔ ደግሞ የማደርገው ሲጠፋኝ ተናደድኩ፤ ሌላ ማርያም ሞልቷል፣ አንዷ ጋ እናስገባው፣ ቫ ቤኔ፣ ይሁን በቃ፣ ስሟ ያው አንድ አይደለም ወይ አልኳት። አልተቆጣችም። «እኔ እኮ የለመንኩት እዚያ ነው» አለች፤ «ሳላስገባ ብመለስ፣ አንቺ በታመምሽ ቁጥር በምን አፌ እለምናለሁ?»

 

ቅዳሜ ደረሰ፤ በማግሥቱ በራሪ ናት። ከሰዓት በኋላ ፎንታና ዲ ትሬቪ ወሰድኳት፤ ሰው ሁሉ ሳንቲም የሚወረውርበት ትልቁ ፏፏቴ ነው። ሰው እንደ ገብስ እህል ፈስሷል። ከደረጃው ጥግ አስቀምጬ፣ ጀላቶ ይዤልሽ እስክመጣ እንዳትነቃነቂ ብዬ ሄድኩ፤ ጀላቶ የዚህ አገር አይስክሬም ነው። ስልኳ እኔ ቦርሳ ውስጥ ቻርጅ እየተደረገ ነው። ሁለት ጀላቶ ይዤ ስመለስ ፊሽካ የምትነፋ ፖሊስ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከደረጃው አስነሥታለች። እናቴ የለችም።

መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር የፈለግኳት። ከዚያ ፈጠን አልኩ። ከዚያ «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ አምስት ስድስት አገር ሕዝብ ዞሮ አየኝ። ነጭ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ትከሻውን ይዤ አዞረዋለሁ፤ ጀላቶው በክንዴ እየወረደ ክርኔ ደርሷል፣ መጣሉንም ረስቼዋለሁ። ቋንቋ አታውቅም። አድራሻዬን አልያዘችም። ምግብ በደንብ ከበላች ሦስት ቀኗ ነው፤ አንድ ቦታ ብትወድቅስ? ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የፈለግኳት፤ ኋላ ስልኬን አይቼ ነው ያወቅኩት። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ቀን በፊት ምንም ያልኖርኩ መሰለኝ። እኔ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እሷ አምና ሁለት ቀን ነበር፤ ያውም በማታውቀው አገር የጠፋችባትን ልጅ፣ ሮጣ የማትፈልግበት ርቀት ላይ ሆና። ጉንፋን ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ውኃው ዳር ያለውን አጥር ይዤ ቆምኩና አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ለጊዜው ይቆየን።

ቀና ስል ከሰው ራስ በላይ ወይን ጠጅ ከፋይ አየሁ።

ከፏፏቴው ማዶ፣ ከፋርማሲው በር ፊት፣ ጥላው ተዘርግቷል። ዘርፉ በፀሐይ ያበራል። እየተጋፋሁ ስደርስ እናቴ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ ሁሉም ቢጫ ሻርፕ ያሰሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከበዋታል። አስጎብኚያቸው ቀይ ጃንጥላ ነበረች የያዘችው፤ አንዷ ሴትዮ ራሷን አዙሯት ይዛት ፋርማሲ ስትገባ፣ የቀሩት ቀና ብለው ሲያዩ ከቀይ ጃንጥላ እጅግ የሚበልጥ ጥላ አገኙ። ሰው ደግሞ ምን ያድርግ፣ የተሻለውን ይከተላል።

ስታየኝ ዓይኗ ሞላ። «ሳይገባ መዘርጋት አልነበረብኝም» አለችኝ። «ግን አንቺ ጠፋሽብኝ። እንዳይጠፉ ነው የሚይዙት ብለሽኝ አልነበር?»

የጠፋችው እሷ፣ ጠፋሽብኝ የምትለው እኔን። ያዝኳትና አለቀስኩ። ቢጫ ሻርፖቹ ጉብኝቱ ውስጥ ያለ ነገር መስሏቸው ፎቶ አነሡን።

እንግዲህ አጥፊውና እንሂድ ስላት ግን እምቢ አለች። አንዴ የተዘረጋ ጥላ ቤቱ ሳይገባ አይታጠፍም። ይህ የት ተጽፏል ስላት፣ እኔ ነኝ ያልኩት አለች። ደግሞም ሰዎቹ አጅበው መጥተዋል፤ አጃቢ አይመለስም። አስጎብኚያቸው እንዳልሆንን በጣሊያንኛም በእንግሊዝኛም ነገርኳቸው። ከየት አገር እንደመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋርማሲ ውስጥ ገብቼ ለአስጎብኚዋ በጩኸት የቤተ ክርስቲያኗን ስም ነገርኳት፤ የታመመችውን ሴትዮ እግር ከፍ አድርጋ ይዛ ነበርና እሺ ያለችኝ ይመስለኛል።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። እናቴ ፊት ፊት፣ ጥላው ከላይ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ከኋላ። ሠላሳ አንድ መሆናቸውን በምን አወቅሽ አትበሉኝ፤ መምህርት አስካለ መንገድ በተሻገርን ቁጥር ዞራ በጣቷ ትቆጥራቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሱቅ መስኮት ላይ ሲቀር ቆማ ጠበቀችው፤ አፍሮ ሮጠ። እኔ ከፊት ሆኜ መኪና አስቆማለሁ። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ራስ ቁሩን ነክቶ አማተበ። ሩብ ሰዓት የሚሆነውን ዳገት በዚህ ሁኔታ ወጣነው።

ዶን ጁሊዮ የቅዳሜውን ቅዳሴ ሊጀምሩ በር ላይ ቆመው የተለመዱትን ስድስት አሮጊቶች እየተቀበሉ ነበር። ቀና ብለው መንገዱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉት። እናቴ ደጁ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰልፉም ቆመ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ «ንገሪያቸው» አለችኝ።

በዚህኛው ጊዜ እንዳለ ነገርኳቸው። አምና እዚያ ፎቅ ላይ፣ ያ መስኮት አጠገብ ተኝቼ ነበር አልኳቸው፤ ልሞት ነበር። እናቴ ደወላችሁን በስልክ ሰምታ ለዚህች ማርያም ተሳለች። ልጄን አስነሽልኝ አለች። ተነሣሁ። ይኸው ይዛ መጣች። አላፈርኩም።

ሽማግሌው አዩኝ፣ አዩኝና «ታዲያ የዚያን ቀን ለምን እንዲህ አላልሽኝም?» አሉ። ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና በግራ በኩል ያለውን ግድግዳ አሳዩኝ። ያ የብር ልብ ሁሉ ስለት ነው። አንዱ ከጦርነት የተመለሰ ልጅ ነው፣ አንዱ ከወሊድ የተረፈች ሚስት፣ አንዱን የራሳቸው እናት ናቸው የሰቀሉት። ስጦታ ለመቀበል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለት ግን ማንም ሰው ሊከለክል አይችልም፣ እሳቸውም ቢሆኑ። ይህን ብለው ተመልሰው ወጡና፣ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚከፈተውን በር ሁለቱንም ከፈቱት። ሁለተኛው መቀርቀሪያ ዝጎ ኖሮ ሁለት ሽማግሌዎች ከቢጫ ሻርፖቹ መሀል መጥተው አገዟቸው።

እናቴ እልል አለች። በዚያች ጠባብ መንገድ እልልታዋ ፎቅ ለፎቅ ሲጋጭ ከየመስኮቱ ሰው ብቅ አለ። ስድስቱ አሮጊቶች አጨበጨቡ። ጥላው ሳይታጠፍ ገባ፤ እመቤታችን ሥዕል አጠገብ፣ የብር ልቦቹ ሥር ቆመ። እናቴ ወለሉ ላይ ተደፍታ ሰገደች፤ ስትነሣ ፊቷ የወጣትነቷን ጊዜ ፎቶ መስሎ ነበር። ኋላ አስጎብኚዋ እያለከለከች ደረሰች። እንደምትቆጣ አልተጠራጠርኩም፤ እሷ ግን ሰዎቿን አንድ በአንድ አይታ፣ ልቦቹን አይታ፣ በዚያ በማላውቀው ቋንቋቸው ታስረዳቸው ጀመር። የቱሪዝም ተማሪዋ ከኋላ ቆማ አዳመጠች።

ያን ዕለት ማታ እናቴ ሁለት ሳህን ፓስታ በላች።

እሑድ አየር ማረፊያ ሸኘኋት። በመጣችበት ቀን ሙሉ የነበረው ክንዷ ባዶ ስለነበር አንገቴን እንደልቧ አቀፈችኝ። ጎረቤቶቹ ሮም እንዴት ነው ሲሏት ምን እንደምትላቸው አስቀድማ ነገረችኝ፤ የሮም ሰው እንዴት ያለ አማኝ መሰላችሁ፣ ጥላዬን አጅቦ ዳገት ወጣልኝ። አላረምኳትም። እናንተም ስታገኟት አደራ።

ልትገባ ስትል ግን ቆመችና፣ እኔ ስጠፋ ምን ብለሽ ተሳልሽ አለችኝ። ምንም አልኳት። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የሚዋሽ ልጅ የምታይበት ዓይን አለ፤ በዚያ ዓይን አየችኝ። እሺ፣ ለእናንተም ያቆየሁት ይኸው ነው። እማዬን ብቻ አሳዪኝ እንጂ እኔም በእጄ ጥላ ይዤ፣ ሰፈራችን ያለው ደጅሽ ድረስ እመጣለሁ ነው ማርያምን ያልኳት። ማንም አላስገደደኝም። የዚያን ቀን ያን ያህል ያፈርኩበትን ነገር ራሴ፣ በራሴ አፍ።

ስነግራት አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ግን እንደያዘች አይቻለሁ። ስለት በሰው እጅ አይላክም አለች። አውቃለሁ አልኳት። ፔርሜሶዬ ልል አፌን ስከፍት ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው። «መሳቢያሽን ሳስተካክል አይቻታለሁ፤ ፎቶሽ አዲስ ነው» አለችኝ። «ማንም ምንም አይጠይቅሽም። የሚጠይቅ ካለ እኔ እመልስለታለሁ።» ከዚያ ዞራ ሳታይ ወደ ውስጥ ገባች።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ለጥምቀት ነው። ጥላውን መርካቶ አብረን ሄደን እንገዛለን፤ እኔ ሰማያዊ አምሮኝ ነበር። ትናንት ደውላ አይሆንም አለችኝ። ደማቁን ቀይ ነው የምንገዛው፤ ያን ሰሞን ሰው ይበዛል፣ እንዳንጠፋፋ።